ንብ ውሃ ማጠጣት፦ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ለከበደው የድሬ ሰው

ያ ግንቦት ለእኔ ጥሩ ወር አልነበረም። ሥራ ካቆምኩ አራት ወር ሆኖኛል። እንቅልፌ ተገልብጧል። ሌሊቱን ጣሪያ ሳይ አድራለሁ፤ ጠዋት ደግሞ ፀሐይ ቆርቆሮውን እስክታግለው አልነሳም። ስልክ ሲጮህ ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። ድሬ ዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ አምስት ቤተሰብ ይኖራል፤ ቧንቧው ግን አንድ ነው፣ እሱም ያንጠባጥባል። አንድ ጠዋት ጎረቤታችን አዴ በሬን ደበደበችው።

«ተነስ አቦ! ቧንቧውን ንብ ወረሰው። ልጆቹ ውሃ መቅዳት ፈሩ። ላምባ ላርከፈክፍበት ነው!»

«ቆይ አዴ፣ አንዴ ልየው» አልኳት። (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ቦታ የለውም። ከሌላ አገር የምታነቡ አትደንግጡ።)

ወጣሁ። ሃያ የሚሆኑ ንቦች ከቧንቧው ሥር ያለው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተደፍተዋል። ማንንም አይነኩም። ጠምቷቸው ነው። ከብዙ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ውጭ ቆሜ ነበር፤ ያንን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያደረግኩትን፣ ያበላሸሁትንም ጨምሬ፣ በተራ ልንገራችሁ። አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ፦ ንብ ማየት ድባቴን ያድናል የሚል ነገር ከእኔ አትሰሙም። ሕመም ሕክምና ይፈልጋል፤ እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። እዚህ የማወራው በየቀኑ በሰዓቱ ከቤት ስለሚያስወጣ አንዲት ትንሽ ሥራ ነው።

ለምን ከውሃ ይጀመራል?

ሰው ንብ ልርዳ ሲል መጀመሪያ የሚመጣለት ቀፎ ነው። ቀጥሎ አበባ። ድሬ ላይ ግን የሚቀድመው ውሃ ነው። ንቦች እጫቸው ያለበትን የቀፎ ክፍል 34 እና 35 ዲግሪ አካባቢ ይዘው ማቆየት አለባቸው። ከዚያ ብዙ ካለፈ እጩ ይጎዳል። እኛ ጋ ደግሞ ግንቦትና ሰኔ ከሰዓት ጥላ ሥር ራሱ 35 ያልፋል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ውሃ በሆዳቸው ተሸክመው ይገባሉ፣ በማር እንጀራው ላይ በቀጭኑ ያዳርሱታል፣ ከዚያ በክንፋቸው ያራግቡታል። ውሃው ሲተን ቀፎው ይበርዳል። እኛስ አስር ሰዓት ላይ ግቢውን ውሃ ረጭተን ምንጣፍ የምናነጥፈው ለዚሁ አይደል?

ውሃ ካጡ ፍለጋ ይወጣሉ። ቧንቧ፣ የሻይ ቤት ማጠቢያ፣ ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ ሻጭ ትሪ፣ የልጆች ጁስ ላይ ያርፋሉ። ያኔ ነው ሰውና ንብ የሚጣሉት። አንድ ሰሃን ውሃ በትክክለኛ ቦታ ማስቀመጥ ንቧንም ጎረቤትንም ያስታርቃል።

የመጀመሪያው ቀን፦ ሰሃኑ

እኔ የጀመርኩት በስህተት ነው። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሞልቼ ጥላ ሥር አስቀመጥኩ። በማግስቱ 11 የሞቱ ንቦች ተንሳፍፈው አገኘሁ። የላስቲክ ግድግዳ ያንሸራትታል፤ ንብ አንዴ ከወደቀች መውጫ የላትም። ቀኑን ሙሉ እሱን ሳስብ ዋልኩ። ሰው ሲደበተው የራሱን ጥፋት አሥር እጥፍ አድርጎ ነው የሚያየው። እናንተ ይሄንን ዝለሉት።

የሚያስፈልገው ጠፍጣፋ ዕቃ ነው። የአበባ ሸክላ የሚቀመጥበት ሰሃን ካላችሁ ከሁሉም ይሻላል። ጥልቀቱ ሁለት ጣት ይበቃል። ሸክላው ሻካራ ስለሆነ እግራቸው ይይዝላቸዋል። ሸክላ ከሌለ የድሮ የሻይ ትሪም ይሆናል።

ቀጥሎ ጠጠር። እኔ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የለቀምኩትን ነው የምጠቀመው፤ የእንቁላል መጠን ያላቸውና ከዚያም የሚያንሱ። ታጥበው ሰሃኑን ይሙሉት። ከዚያ ውሃ ጨምሩ፤ ግን የጠጠሮቹ አናት ከውሃው በላይ ደረቅ ሆኖ መቅረት አለበት። ንቧ የምታርፈው እዚያ ላይ ነው። ቁልቁል ጎንበስ ብላ ትጠጣለች፣ እግሯ ሳይርስ ትነሳለች። ግማሽ ሊትር ውሃ ለቀኑ ይበቃል። የድሬ ውሃ ጀበናችንን ነጭ የሚያለብስ ማዕድን የበዛበት ነው ብላችሁ አትጨነቁ። ንብ ማዕድን ያለበትን ውሃ እንዲያውም ትወዳለች። ሳሙና የነካው ውሃ ግን አይሆንም።

ቦታው ጥላ ይሁን። ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ጠጠሩ እንደ ምጣድ ይግላል። ከወጥ ቤት፣ ከልጆች መሮጫና ከበር ራቅ ይበል፤ ስድስት ሰባት እርምጃ ይበቃል። መሬት ላይ ካደረጋችሁት ዶሮና ፍየል ይገለብጡታል። እኔ ሁለት ብሎኬት ደርቤ ከኒም ዛፉ ሥር አስቀመጥኩት። ደግሞ ከመስኮታችሁ የሚታይ ይሁን። ይሄ ለንቧ ሳይሆን ለእናንተ ነው።

አሁን የሚያናድደው ክፍል፦ ንቦቹ አይመጡም። የለመዱትን ውሃ አይተዉም፤ ቦታውንም ሽታውንም ያስታውሳሉ። የእኔዎቹ ሦስት ቀን ሙሉ ሰሃኑን አልፈው ወደ ቧንቧው ሄዱ። መፍትሔው ሰሃኑን መጀመሪያ እዚያው ቧንቧው ሥር ማስቀመጥ ነው። ሰሃኑን ሲለምዱ በየቀኑ አንድ እርምጃ፣ አንድ እርምጃ ወደምትፈልጉት ቦታ አሽሹት። በአንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ ቁንጥር ጨው ጣል ማድረግም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይረዳል። በሳምንቱ ቧንቧው ነፃ ወጣ። አዴም ላምባዋን ወደ ቤት መለሰች።

ስኳር ልጨምር እንዴ ለምትሉ፦ ተዉት። ስኳር ጉንዳን ይጠራል፣ ተርብ ይጠራል፣ የተለያየ ቀፎ ንቦችን ያጣላል። ከሱቅ የተገዛ ማር ደግሞ ጭራሽ አታቅርቡ፤ የንብ በሽታ በማር ከቀፎ ወደ ቀፎ ይተላለፋል።

በየጠዋቱ፦ ትንኟን መቅደም

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ የመመሪያው ልብ ይሄ ነው።

ድሬ ዳዋ ላይ የተጠራቀመ ውሃ ቀልድ አይደለም። በ2006 ዓ.ም የደንጌ ትኩሳት ወረርሽኝ የገባው እዚህ ነው። በ2011 ማብቂያና በ2012 መግቢያ ቺኩንጉንያ ከተማውን ሙሉ አስነክሷል፤ መገጣጠሚያው ለወራት ያመመው ሰው የሌለበት ሰፈር አልነበረም ማለት ይቻላል። ወባውም አለ። ደንጌና ቺኩንጉንያ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትፈለፈለው ረግረግ ውስጥ አይደለም፤ በርሜል፣ ጎማ፣ የአበባ ሰሃን ውስጥ ነው። እንቁላሏን ከውሃው ከፍ ብሎ ዕቃው ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች። ከእንቁላል ተነስታ የምትበር ትንኝ ለመሆን በእኛ ሙቀት ሳምንት አካባቢ ይበቃታል። እንቁላሉ ውሃው ቢደርቅ እንኳ ለወራት ይቆያል።

ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው። ውሃው በየጠዋቱ ይደፋል። ሰሃኑና ጠጠሮቹ በብሩሽ ይፈገፈጋሉ። አዲስ ውሃ ይገባል። ይሄንን በየቀኑ ማድረግ የማትችሉ ከሆነ፣ በእውነት፣ ሰሃኑን ባታስቀምጡ ይሻላል። ንብ ረድታችሁ ሰፈሩን በትኩሳት ማስተኛት ዋጋ የለውም።

እኔን ከአልጋ ያወጣኝ ይሄ ነው። «ዛሬ ይለፈኝ» ማለት አልቻልኩም። ራሴን ለመታጠብ አልነሳም፣ ለቁርስ አልነሳም፤ ግን አምስት ቤተሰብ ያለበት ግቢ ውስጥ ትንኝ አራባ የሚለኝ ሰው እንዳይኖር እነሳለሁ። ሥነ ልቦና ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ የታወቀ አካሄድ አለ፦ ፍላጎቱ እስኪመጣ አትጠብቅ፤ ትንሽ ሥራ ምረጥ፣ ሰዓት ስጠው፣ ስሜትህ ምንም ይሁን ሥራውን ሥራ፤ ስሜቱ ኋላ ይከተላል። የእኔ ትንሽ ሥራ ሰሃን መፈግፈግ ሆነ።

ሰዓቱን ቁረጡ። እኔ 12 ሰዓት ተኩል አደረግኩት። ድሬ ያኔ ገና ነፋሻ ናት፤ ንቦቹም ገና ሞቅ ሞቅ እያሉ ነው። ብሩሹን ማታውኑ በሩ ላይ አስቀምጡ። ጫማውንም። ጠዋት ላይ ምንም ነገር መፈለግ የለባችሁም፤ ፍለጋ ከተጀመረ ተመልሶ መተኛት ይመጣል። ስልኩ ቤት ውስጥ ይቅር። ፊታችሁን የምትታጠቡት ሰሃኑን ከሞላችሁ በኋላ ቢሆንም ችግር የለውም። ያ ቅደም ተከተል ለእኔ ሠርቷል።

አሥር ደቂቃ፦ መቀመጥና ማየት

ውሃውን ሞልታችሁ ወደ ቤት አትሩጡ። ዱካ አውጡ። ከሰሃኑ ሁለት እርምጃ ያህል፣ ከመብረሪያ መንገዳቸው ገለል ብላችሁ ተቀመጡ። ሽቶ አትቀቡ። ዝም ብላችሁ እዩ።

መጀመሪያ ምንም አይታይም። ንብ ንብ ነች። በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ነው ዓይን የሚፈታው። አንዷ ትመጣለች፤ ጠጠሩ ላይ ከማረፏ በፊት ሁለቴ ትዞራለች። ቡናማ ምላሷን ትዘረጋለች፤ ቀጭን ናት፣ የተፈተለ ክር የምታክል። ከዚያ ሆዷን ተመልከቱ። እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ውሃውን እየሳበች ነው። አንድ ደቂቃ ገደማ ትቆያለች። ስትነሳ ከባድ ናት፤ መጀመሪያ ወደ ጎን ተንገዳግዳ፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ከአጥሩ በላይ ትሄዳለች። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ። ቀፏቸው በዚያ በኩል ነው።

የኋላ እግራቸውንም እዩ። ውሃ የምትቀዳዋ እግሯ ባዶ ነው። አበባ ላይ የምታገኟት ግን ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ዱቄት እግሯ ላይ ጠፍጥፋ ትይዛለች። ቀጠን ባለ ወገብ፣ ጠጉር የሌላት፣ እግሯን አንጠልጥላ የምትበረዋ ተርብ ነች። ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ሞተር የምታጉረመርመውን ደግሞ ሰው ጢንዚዛ ይላታል። እሷም ንብ ናት። በደረቅ እንጨት ውስጥ ቀዳዳ ቦርቡራ ብቻዋን ትኖራለች፤ ካልያዟት አትነድፍም። በዓለም ላይ ከ20,000 በላይ የንብ ዓይነት አለ፣ አብዛኛውም እንደ እሷ ብቸኛ ነው። ማር አይሰጡም፤ አበባ ግን ያዳቅላሉ። ስለዚህ የሞተ ግንድ ግቢያችሁ ውስጥ ካለ ሁሉንም ለማገዶ አትጨርሱት።

አሁን ስለ ሐሳብ። ሰው ሲጨነቅ አንድ ሐሳብ እንደ ካሴት ይመላለሳል። «ለምን እንዲህ አልኩ፣ ነገ ምን ልሆን ነው።» አታስብ ማለት አይሠራም። እኔ የሠራልኝ መቁጠር ነው። ለአምስት ደቂቃ የመጡትን ንቦች እቆጥራለሁ። ሐሳቡ መሃል ላይ ይገባል፤ ሲገባ ቁጥሩ ይጠፋኛል፤ ሲጠፋኝ ካቆምኩበት አካባቢ እቀጥላለሁ። ራሴን አልሰድብም። በቃ። መጨረሻ ላይ በደብተር እጽፋለሁ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የንብ ቁጥር፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ። «ሰኔ 4፣ 12፡45፣ ንብ 9፣ ተርብ 1፣ እንቅልፍ 4 ሰዓት።» ስሜትን መጻፍ ያልቻልኩ ሰው ቁጥር መጻፍ አላቃተኝም። ይሄ ደብተር በኋላ ሐኪም ፊት ስቀመጥ ጠቅሞኛል፤ «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» ስባል ከአፌ የሚወጣ ነገር ነበረኝ።

ክረምት ሲገባ፦ አበባ

ውሃው አንድ ወር ከዘለቀ በኋላ ወደ አበባ መሄድ ይቻላል። በአንድ ጊዜ ሁሉንም አትጀምሩ። አትክልት ገዝቶ፣ ሳምንት ተንከባክቦ፣ ከዚያ ደርቆ ማየት ለተከፋ ሰው ጥሩ አይደለም።

ግቢ ለሌለው ሰው በሶብላ ይበቃል። የዘይት ጀሪካን ለሁለት ቁረጡ፣ ታቹን ብሱ፣ አፈርና ደቃቅ ፍግ ሙሉ፣ ዘሩን በስሱ በትኑ። ሐምሌ ጥሩ ወር ነው። ዋናው ነገር ማበብ ሲጀምር ነው፤ እኛ ለወጥና ለሽታ ብለን አናቱን እንቀነጥሳለን። ግማሹን ቅጠፉ፣ ግማሹን ተዉላት። በሶብላ አበባ ላይ ንብ ጠዋት ሙሉ አትጠፋም። ደግሞ ቅጠሉን ዳሰስ አድርጋችሁ እጃችሁን ማሽተት፣ እንዲሁ በነፃ፣ ደስ ይላል።

ትንሽ መሬት ያለው ሽፈራው ይትከል። ድርቅ ይችላል፣ ቶሎ ያድጋል፣ በዓመቱ ማበብ ይችላል። ሎሚና ሮማን ካላችሁ ቀድሞውንም ንብ እየረዳችሁ ነው። ዱባ የምወዳት ለሌላ ምክንያት ነው። አበባዋ ማለዳ ተከፍታ ከቀትር በፊት ትዘጋለች። ወንዱና ሴቷ አበባ ለየብቻ ናቸው፤ ንብ ወይም ዘመዶቿ ካላመላለሱት ዱባ የለም። ማለዳ የሚነሳ ሰው ብቻ የሚያየው ነገር ነው። እሬት ደግሞ ውሃ ሳይጠይቅ በበጋ፣ ሌላው ሁሉ በደረቀበት ጊዜ፣ ያብባል።

ቦገንቪላስ? የከዚራ ሰፈር አጥሮች ጌጥ ነው፣ ዓይን ያጠግባል። ለንብ ግን ብዙም አይረባም፤ ያ የሚያምረው ቀለም ቅጠል ነው፣ እውነተኛው አበባ መሃል ላይ ያለችው ነጭ ጠባብ ቱቦ ናት። ፕሮሶፒስ የሚባለውን ዛፍ ንቦች ይወዱታል፤ አትትከሉት። አንዴ ከያዘ መሬት አይለቅም። ወንዝ ዳር ያለውን ቁርቁራና ግራር አለመቁረጥ አዲስ ከመትከል ይበልጣል።

ውሃ በሳምንት ሁለቴ ብቻ የሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ፣ አትክልት የታጠበበትን ውሃ ለጀሪካኑ አውሉት። የንቦቹንም የትናንት ውሃ ወደ ፍሳሽ አትድፉት፤ በሶብላው ላይ ይሂድ።

መርዝ

አጭር ነው። ፍሊት ከቤት ውጭ አትንፉ፤ በተለይ አበባ ላይ። አትክልታችሁን ተባይ ከፈጀውና መርጨት ግድ ከሆነ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሁን፤ ያበበ ነገር ላይ አይሁን። የኒም ቅጠል ወቅጠው የሚረጩ አሉ፣ ከሱቁ መድኃኒት የተሻለ ነው፤ ሕጉ ግን ያው ነው። ገጠር ዘመድ ካላችሁ ጫት ላይ የሚረጨውን አንሱበት። ማሳው ዳር አበባ ካለ ንቦቹ አብረው ያልቃሉ። ቅጠሉን የሚቅመውም እኛው ነን።

መንጋ ቢያርፍባችሁ፣ ንብ ብትነድፋችሁ

አንድ ቀን ዛፍ ላይ እንደ ከረጢት የተንጠለጠለ የንብ መንጋ ታዩ ይሆናል። ሰፈሩ ይጮኻል። አንዱ እሳት፣ አንዱ ድንጋይ ይላል። እነዚህ ንቦች አዲስ ቤት እየፈለጉ ያረፉ ናቸው፤ ገና የሚጠብቁት እጭም ማርም ስለሌላቸው ካልተነኩ ሰው አይፈልጉም። ብዙ ጊዜ በሰዓታት፣ አንዳንዴ በአንድ ሁለት ቀን ይነሳሉ። ልጆችን አርቁ፣ ከብቱንና አህያውን ፍቱ፣ ባጃጅና ጄኔሬተር አጠገቡ አታስነሱ። ግድግዳ ወይም ጣሪያ ውስጥ ከገቡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ንብ አርቢ ጥሩ፤ ሲመሽ በማጨሻ መጥቶ ወደ ቀፎ ያስገባቸዋል። የሚያውቅ ሰው ካጣችሁ የከተማውን ግብርና ቢሮ ጠይቁ። የእኛ ንብ ቁጡ ናት፤ ጀግንነት አያስፈልግም።

ከነደፈቻችሁ መንደፊያዋ ቆዳ ላይ ይቀራል፣ ከተለየም በኋላ መርዝ ይገፋል። በምን ላውጣው ብላችሁ አታስቡ፤ በጥፍር ጠርጋችሁ ቶሎ አውጡት። ከዚያ ቦታውን ታጠቡ፣ ራቅ በሉ። ከመንደፊያው የሚወጣው ሽታ የበሰለ ሙዝ ይመስላል፤ ለሌሎቹ «ኑ ድረሱ» የሚል መልእክት ነው። (ቀፎ አጠገብ ሙዝ አትብሉ የሚባለው ለዚህ ነው።) እብጠትና ማሳከክ የተለመደ ነው። ከንፈር ወይም ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውነትን በሙሉ ሽፍታ ከሸፈነው፣ ራስ ካዞረ ግን ደቂቃ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ሆስፒታል። እንዲህ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ሰሃኑን ከሩቅ ይመልከተው፤ የሚሞላው ሌላ ሰው ይሁን።

ቀፎ ልግዛ? በተጠጋጋ ግቢ ውስጥ፣ አይሆንም። በሐረር መንገድ በኩል ሰፋ ያለ መሬት ካላችሁና የሚያስተምር አርቢ ካገኛችሁ በአንድ ቀፎ ጀምሩ። ግን ገና ከራሳችሁ ጋር ስትታገሉ አይሁን። ንቧ ስትኮበልል ሰው በግሉ የተተወ ይመስለዋል።

ስለ ጫትና ስለ እንቅልፍ

ድሬ ተቀምጬ ስለ አእምሮ ጽፌ ጫትን ብዘል ማን ያምነኛል? ጫት አትቃሙ ልል አይደለም፤ በርጫው ለብዙ ሰው ጓደኝነት ነው። ደብተሬ ግን የነገረኝን ልናገር። ከሰዓት ቅሜ ባመሸሁ ቀን እንቅልፍ ሦስት ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። ምርቃናው ሲበርድ ዱካኩ። እሱን ለማጥፋት ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ። በማግስቱ ሰሃኑ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሳይሆን 4 ሰዓት ላይ ነው የተፈገፈገው። አንድም ቀን ሳይስት። ይሄንን ሰው ቢመክረኝ ተቆጥቼ እሄድ ነበር፤ የራሴ ቁጥር ሲሆን ግን ከማን ጋር እጣላለሁ? መጀመሪያ ሰዓቱን አሳጠርኩ፣ ከዚያ ቀኖቹን ቀነስኩ። ጨብሲውን ጭራሽ ተውኩት። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው፣ ሰው ሁሉ የሚያሴርበት የሚመስለው ሰው ግን ጫትን ይተውና ሐኪም ይይ፤ ጫት እንዲህ ያለውን ሊያባብስ ይችላል።

ሰሃኑ ሳይበቃ ሲቀር

ሐዘንና ድባቴ አንድ አይደሉም። ለሁለት ሳምንት፣ ቀኑን አብዛኛውን ክፍል፣ ልባችሁ ከጨለመ ወይም ምንም ነገር ካላስደሰታችሁ፤ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ጉልበት ከጠፋ፣ ራሳችሁን እንደማትረቡ ካያችሁ፣ ይሄ የስንፍና ጉዳይ አይደለም፤ ሕክምና ያለው ነገር ነው። ድሬ ላይ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ሄዳችሁ ስለ አእምሮ ሕክምና ጠይቁ። አጠገባችሁ ያለው ጤና ጣቢያም መጀመሪያ ሊያያችሁና ሊልካችሁ ይችላል። ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፣ ዱዓ የምታስደርጉ አስደርጉ፤ መድኃኒቱን ግን በዚያ ምክንያት አታቋርጡ።

መሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ነገ አትበሉ። በዚያው ቀን ለአንድ ሰው በግልጽ ንገሩ፣ ብቻችሁን አትደሩ፣ አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

እኔ የነገርኩት ለአዴ ነው። አስቤበት አልነበረም። አንድ ጠዋት የሆጃዋን ስኒ ይዛ መጥታ ዱካው አጠገብ ቁጭ አለች። ንቦቹን ታያለች። «አንተ ልጅ፣ ሌሊት መብራትህ አይጠፋም። ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ፊት ለፊት ብንተያይ ኖሮ «ደህና ነኝ» ብዬ አልፋት ነበር። ሁለታችንም ዓይናችን ሰሃኑ ላይ ነበርና ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «ሐሙስ ሆስፒታል ቀጠሮ አለኝ፣ ለስኳሬ። አብረን እንሄዳለን» አለች። ሄድን። ስለዚህ ዱካ ስታወጡ ሁለት አውጡ።

ዝናብ ሲመጣ

ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ባዘነበ ማግስት ንቦቹ ይቀራሉ። አትደንግጡ፤ ውሃ በየቦታው አለ፣ የእናንተን አልፈለጉትም። የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ያየ ሰው ደግሞ ዳመናው ተራራው ላይ ሲጠቁር ሆዱ ይንቦጫቦጫል፤ እንዲህ ባለ ቀን እጅ የሚይዝ ሥራ ይጠቅማል። ግቢውን ዙሩ። የተጣለ ጎማ፣ ክዳን የሌለው በርሜል፣ የቆርቆሮ ጣሳ፣ ውሃ የቋጠረውን ሁሉ ድፉ። በርሜሉን ክደኑ። ሰሃኑን ፈግፍጉና ገልብጣችሁ ብሎኬቱ ላይ አስቀምጡት። ደብተሩ ላይ «ዝናብ፣ ንብ 0» ብላችሁ ጻፉ። ፀሐይ ወጥታ ሁለት ቀን ሲደርቅ ሰሃኑን ቀና አድርጉና ሙሉት።

ከከተማ ስትወጡ ደግሞ ለሰው አደራ ስጡ፤ ሰው ከሌለ ገልብጡት። እኔ ለታህሣሥ ገብርኤል ቁልቢ ስሄድ ሰሃኑን ለአዴ የልጅ ልጅ ነበር የሰጠሁት፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ስመለስ ደብተሬ ላይ በእርሳስ ሦስት መስመር ጨምሮበታል። «ንብ 14። ንብ 10። ንብ ብዙ፣ መቁጠር ደከመኝ።»